ሁለት የምትጨምረው መስመር

እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን

ውድ ወንድምዓለም፣

አንዱ ኮምፒውተር ላይ ቀጥ ብሎ የሚሠራ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲወሰድ ለምንድን ነው የሚያኮርፈው? ይህን አንተም ሳትጠይቅ አልቀረህም፤ ምናልባትም ፀጉርህን እየነጨህ። እኔ ካለፈው ረቡዕ ጀምሮ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። እማዬ "ምሳ ላቅርብልሽ?" ስትለኝ "መጀመሪያ የትኛውን ፎልደር ነው የሚያየው?" ብዬ መለስኩላት። "እኔ የማውቀው ድስቱን ነው" ብላኝ ሄደች።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? እኛ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ደረጃ ስትወጣ አሁንም ይቆረጥማታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት ግን "ደረጃውን አሳጥሩልኝ" ትላለች። እኔ ከተመረቅኩ ሰባት ወሬ ነው። አሥራ አራት ቦታ አመልክቼ ሁለቱ መልሰውልኛል፤ ሁለቱም ልምድ ያለው ሰው ነው የምንፈልገው ይላሉ። ልምድ በችርቻሮ የሚሸጥበት ቦታ ካወቅህ ጠቁመኝ። እስከዚያው አባባ መነጽር ቤት እየዋልኩ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ፍሬም እወለውላለሁ። ይህን የምጽፍልህ ነገርም እዚያው ነው የሆነው። በስልክ ብነግርህ "እሺ፣ እሺ፣ ሌላስ?" እያልክ ታሳጥርብኛለህ፤ ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አሮጌው ሌንስ መለኪያ ባለፈው ወር አረፈ። ታስታውሰዋለህ፤ ሌንሱን አስቀምጠህ ቁልፉን ስትጫን ቁጥሩን በገመድ ወደ ኮምፒውተሩ የሚልከው፣ ከዚያ አንተ የጻፍከው ፕሮግራም የመቁረጫውን ወረቀት የሚያትመው። ሰኞ ዕለት አዲስ መለኪያ መጣ፣ አብሮት የሻጩ ቴክኒሻን። ሰውዬው አሮጌውን ፈታታው፣ አዲሱን ተከለ፣ ከዚያ ያንተን ፕሮግራም ከፍቶ እንደ ሞተ ዓሣ አየው።

"ጋሼ፣ ይህ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር አይነጋገርም። የድሮውን ላይብረሪ ነው የሚያውቀው። ዓርብ ስመለስ የኛን ፕሮግራም እጭንልዎታለሁ፤ ይህን እናጠፋዋለን።"

"ላይብረሪ ማለት?" አለ አባባ።

ለማስረዳት ዘልዬ ገባሁ። ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠው ሥራ ነው፣ ፕሮግራማችን መሣሪያውን ማናገር ሲፈልግ ይጠራዋል፣ እሱ ሠርቶ ውጤቱን ይመልሳል አልኩት።

"ተመላላሽ ሠራተኛ ነዋ" አለ።

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በአራት ዓመት ትምህርቴ አልሰማሁም። እና ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "ማጥፋት አያስፈልግም፤ በአዲሱ ላይብረሪ እኔ እንደገና እሠራዋለሁ" አልኩ።

ቴክኒሻኑ "አንቺ ማነሽ?" አለኝ።

"ልጁ ነኝ። ተመርቄአለሁ።"

ሌንስ ቆራጩ (ያው ነጭ ጋውን ስለሚለብስ ደንበኛው ሁሉ "ዶክተር" የሚለው ሰው) ከማሽኑ ቀና ሳይል "ተመርቄአለሁ ስትል ክትባት ወስጃለሁ የምትል ነው የምትመስለው" አለ። ሁሉም ሳቁብኝ። አባባ ብቻ አልሳቀም። "እስከ ዓርብ ሞክሪ። ዓርብ ካልሠራ የእሱ ይጫናል" አለ። አንተ ስድስት ወር ሙሉ የደከምክበት ነገር አራት ቀን ተሰጠው ማለት ነው።

ማክሰኞ ዕለት፣ ትተኸው የሄድከውን ፍላሽ ከመሳቢያህ አውጥቼ ኮዱን ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩ። አሁን አንድ ነገር ልንገርህና ተቆጣ። "ክፍልሽ ተዝረከረከ" እያልክ ስታሳድደኝ የኖርከው ሰውዬ፣ ላይብረሪውን ያስቀመጥከው ዴስክቶፕህ ላይ "አዲስ ፎልደር 2" ውስጥ ነው! ኮዱ እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው ነው የሚፈልገው። እዚህ ላፕቶፕ ላይ አንተም የለህ፣ ፎልደሩም የለ፤ ስለዚህ ገና ሳይጀምር "ፋይሉን አላገኘሁም" ብሎ ቆመ። መንገዱን ሰርዤ አዲሱን ላይብረሪ በስሙ እንዲፈልግ አደረግኩት። ቀጥሎ አርባ አንድ ስሕተት ዘረገፈብኝ። ደነገጥኩ፤ ግን አንድ በአንድ ሳያቸው አርባ አንዱም ከሦስት ነገር የመጡ ናቸው። አዲሱ ላይብረሪ የሁለት ትእዛዞችን ስም ቀይሯል፣ አንዱ ደግሞ ድሮ ያልነበረ ተጨማሪ ቁጥር ይፈልጋል። ሦስቱን ሳስተካክል አርባ አንዱም ጠፉ። እንዲህ ያለ ደስታ ለምን ማንም አስቀድሞ አይነግረንም?

ረቡዕ ከሰዓት ላፕቶፔን ተሸክሜ ሱቅ ሄድኩና የአዲሱን መለኪያ ገመድ ሰካሁበት። ዶክተሩ ያገኘውን ሌንስ አስቀመጠልኝ፤ ቁጥሩ መጣ፣ ወረቀቱ ታተመ። ሮጬ ፕሮግራሙን ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ገለበጥኩት፣ የድሮው በነበረበት ፎልደር ላይ። ከፈትኩት። ትንሽ ሳጥን ብቅ ብላ "የተጠራው ትእዛዝ ላይብረሪው ውስጥ የለም" አለችኝ።

እንዴት የለም? አሁን አጠገቡ ላፕቶፕ ላይ ነበረ እኮ!

ላይብረሪውን እንደገና ጫንኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ነቅዬ ጫንኩ። አራት ጊዜ፣ ወንድምዬ። ከአራተኛው በኋላ ዶክተሩ "ምናልባት ሰላምታ ሳትሰጪው ነው የጀመርሽው" አለኝ። ሰላምታም ሰጠሁት።

ሐሙስ ጠዋት በእግሬ እየሄድኩ ሳለ ጥያቄዬ ራሱ ልክ እንዳልሆነ ገባኝ። "ላይብረሪው አለ ወይ?" እያልኩ ነበር የምጠይቀው። መኖሩን አይቻለሁ። መጠየቅ የነበረብኝ "ፕሮግራሙ የሚከፍተው የትኛውን ነው?" ብዬ ነው። አንድ ፕሮግራም ሲነሣ ምን ምን ፋይል ከየት እንደሚከፍት ቆጥራ የምታሳይ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ እሷን ጭኜ ስመለከት እኔ አራት ጊዜ የጫንኩትን ጭራሽ አላየውም። መጀመሪያ የራሱን ቤት ነው የሚፈትሸው፤ ራሱ ያለበትን ፎልደር። እዚያ በዚያው ስም የድሮው ላይብረሪ ተቀምጧል። ካገኘ ደግሞ ወደ ሌላ አይሄድም፤ ለምን ይሄዳል? ላፕቶፔ ላይ ያ ፋይል አልነበረም፤ ለዚህ ነው እኔ ጋ የሠራው።

ማን አስቀመጠው? አንተ አይደለህም፤ ያንተ በ"አዲስ ፎልደር 2" ነው የሚኖረው። ቀኑን አየሁት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሰኔ 22፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ። አንተ የሄድከው በ21 ነው።

በዚያ ሰዓት ሱቅ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚኖረው። ሄጄ ጠየቅሁት።

"አባባ፣ ይህን ፋይል ከፕሮግራሙ አጠገብ የገለበጥከው አንተ ነህ?"

"መለዋወጫ ነው" አለኝ፣ ግራ እንደገባው ሰው አድርጎ እያየኝ።

ሱቁን ታውቀዋለህ። የመቁረጫው ትርፍ ቀበቶ ከመቁረጫው ጎን ሚስማር ላይ፣ የማሞቂያው አምፖል ከማሞቂያው ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ። ዕቃ ከማሽኑ ርቆ አይቀመጥም። ለኮምፒውተሩም ያንኑ ነው ያደረገለት።

"ኮምፒውተር አልነካም ትል አልነበር እንዴ?"

"አልነካም። ያን ቀን ብቻ ነው። ያ ልጅ ሲገለብጥ አይቻለሁ፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል ብዬ።" ከዚያ "አበላሸሁት እንዴ?" አለ።

"የለም። ከልክ በላይ ጠብቀኸዋል" አልኩት። ፋይሉን አላጠፋሁትም፤ ወደ ሌላ ፎልደር አዛወርኩት። ፕሮግራሙ ወዲያው ተነሣ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ደብዳቤዬ ፉከራ ብቻ ይሆን ነበር። ዓርብ ጠዋት ቴክኒሻኑ መጣ። አባባ መሳቢያውን ከፍቶ ሁልጊዜ መሣሪያ የሚፈትንባትን ሌንስ አወጣ፤ ፍሬም ውስጥ በዘጠና ዲግሪ ዞራ መግባት እንዳለባት በእንቅልፍ ልቡ የሚያውቃትን። አስቀመጣት፣ ቁልፉን ተጫነ። ወረቀቱ ወጣ። ዘጠና ሁለት ይላል።

ረቡዕ ዕለት እኔ ቁጥር መምጣቱን እንጂ የትኛው ቁጥር እንደመጣ አላየሁም። የተመረቅሁት እንዲህ ሆኜ ነው።

ቴክኒሻኑ ቦርሳውን ከፈተ። "አላልኩም? የቆየ ነገር ነው። ጋሼ፣ ልጫነው?"

"አንድ ደቂቃ" አልኩ። የመለኪያውን መስኮት አየሁ፤ ዘጠና ይላል። ስለዚህ ሁለቱ የተጨመረችው በእኛ በኩል ነው። ኮዱ ውስጥ ዲግሪ የሚያልፍበትን ቦታ ሁሉ ተከትዬ ስወርድ አገኘኋት። አንዲት መስመር። ከሚመጣው ቁጥር ላይ ሁለት ትጨምራለች። ከጎኗ እንዲህ ብለህ ጽፈሃል፦ "ሁለት ጨምር። አባባ ያውቃል።"

ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ዶክተሩ ማሽኑን አጠፋ።

አባባ "አውቃለሁ" አለ። "አሮጌው ሁለት ያጎድል ነበር። መሣሪያው ተጣሟል፣ መሣሪያውን አቃና አልኩት። እሱ ቁጥሩን አቃና።"

"ታዲያ የሚወጣው ልክ ከሆነ ምን ለውጥ አለው?"

"እሱም ያለኝ ይህንኑ ነው።"

"የተጣላችሁት በዚህ ነው እንዴ?" እኔ እኮ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ ማንም ምንም አልነገረኝም።

"በዚህ ጀመርን" አለኝ። መፈተኛዋን ሌንስ ወደ ጨርቋ መለሳት። "ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ ደለደልኩት፤ ለውጥ የለም። ሰኞ ይህ ሰው ሲፈታው ነው ያየሁት። ከውስጥ ነበር የተጣመመው፤ በእጅ የሚቃና አልነበረም።" ወደ ቴክኒሻኑ ዞረ። "ወንድሜ፣ ደክመህ መጣህ። የኛው ይቆያል።"

ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ "ጤነኛ ፕሮግራም ነው፣ ያቺን ሁለት ብቻ አንሡለት" ብሎ ሄደ። እኔም ላነሣት ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ነበር።

"ተይ" አለ አባባ።

"አዲሱ ቀጥ ያለ ነው እኮ። አሁን ስሕተት ናት።"

"የጻፋት ሰው ሳይጠየቅ አትነካም።"

"አባባ፣ አንድ መስመር እኮ ናት! እስኪጠየቅ ወረቀቱ ሁሉ ሁለት ጨምሮ ይወጣል።"

"እቀንሳለሁ" አለ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ወንድምዓለም፣ ቀልድ አልነበረም። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውጥቶ የታተመውን ዲግሪ ይሰርዛል፣ ሁለት ቀንሶ ከላይ ይጽፋል፣ ወረቀቱን ለዶክተሩ ያሳልፋል። ዓርብ ዕለት ሰባት ወረቀት፣ ትናንት አሥራ አንድ። ዶክተሩ "ጋሼ፣ ማሽን ደምሮ ሰው ሲቀንስ በዕድሜዬ ገና አሁን አየሁ" ቢለው "አንተ ቁረጥ" አለው። ትናንት ሱቁን ስንዘጋ ደግሞ "ወንድምሽ መለሰ?" ብሎ ጠየቀኝ። ገና አልጻፍኩልህም ነበር። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

"ጠይቄው እሺ ብሏል" ብዬ መዋሸት እችል ነበር፤ መስመሯን ለማጥፋት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አልዋሸሁም። ግን አንዴ ሰው በዝቶበት መቀነሱን ቢረሳ አንዱ ደንበኛ ጠማማ ሌንስ አድርጎ ራሱን እያመመው ይዞራል፤ ስለዚህ ጉዳዩ እንደ ምርጥ ወሬ ተነብቦ የሚታለፍ አይደለም። ደግሞም ሌላ የማላውቀው ነገር አለ፤ መልሱንም ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ። "አባባ ያውቃል" ብለህ የጻፍከው ተናደህ ነው ወይስ ማን ማስታወስ እንዳለበት እንዲታወቅ? አሥር ጊዜ አንብቤ ልለየው አልቻልኩም።

እማዬ "የዋለበት ሁሉ ይቅናው፣ ክፉ አይንካው" ብላሃለች፤ ሹራቡን ይልበስ ብላም ጨምራለች። እኔ ደግሞ የምትሠራበት ቤት ልምድ የሌላት፣ አርባ አንድ ስሕተት የማያስፈራት ሰው ከፈለገ አድራሻዬን ታውቃለህ እላለሁ።

መልሱን ግን ለእኔ አትላክልኝ። የሱቁ ስልክ ያው የድሮው ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ አባባ ራሱ ነው የሚያነሣው። "አጥፏት" በለው ወይም "ትቆይ" በለው፤ የፈለግኸውን። ይህ በኢሜይል ዛሬውኑ ይደርስሃልና ነገ ደውል። እስክትደውል ድረስ ይቀንሳል።

ያቺው ለፍላፊዋ እህትህ