ያልገለበጥኩት ቀይ ጽሑፍ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ ሳይሆን ጥፋቴን በእጄ መጻፍ ከብዶኝ ነው።

ሆስፒታላችን ካርድ ክፍል ኮምፒውተር የገባ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ከረባትህን አስረህ መጣህና ከኋላዬ ቆመህ ስጽፍ አየኸኝ። ከዚያ ወዲያ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ሀዋሳን በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባቻት» ትል ነበር።

ያንተንም ካርድ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሽፋኑ ላይ አንድ የድሮ ሐኪም በቀይ እስክሪብቶ «ደሙ ቶሎ አይቆምም፤ የእናቱ ወንድምም ደም ፈሶት ሞቷል» ብሎ ጽፎበታል። ኮምፒውተሩ የሚጠይቀው ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታና ቀበሌ ነው። ለቀዩ ጽሑፍ ቦታ አጣሁለት። አለቃዬን ብጠይቀው «የተጠየቅሽውን ብቻ ሙዪ» አለኝ። ሞላሁ። ወረቀቱ መጋዘን ገባ። ቀዩ ጽሑፍ እንደቀረ ላንተ ግን አልነገርኩህም።

ትርፍ አንጀትህ የተነሳብህ ዕለት ለሥልጠና ይርጋለም ነበርኩ፤ ስልኬን ዘግቼዋለሁ። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር በባጃጅ አደረሱህ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን እያየ «አባባ፣ ከዚህ በፊት የነበረብዎት ችግር አለ?» ቢልህ፣ በሕመም ተጣጥፈህ «ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ፤ የጻፈችው ልጄ ናት» አልከው። እትዬ አስቴር ይህን የነገሩኝ ሊያጽናኑኝ ነበር። በልጅህ ኮርተህ ቀዶ ጥገና ክፍል እንደገባህ እንዳውቅ ብለው።

ቀዶ ጥገናው አለቀ፤ ደሙ ግን አልቆመም። እኔ ስደርስ ፊትህን ሸፍነውታል።

አሁን ወንድ ልጅ አለኝ፣ ናትናኤል። ሁለት ዓመቱ ነው። ዳዴ ማለት ሲጀምር ጉልበቱ እየበለዘ ያብጥ ነበር። የመረመረችው ሐኪም ደም ያለመርጋት በሽታ መሆኑን ነግራ፣ ከአባት ወደ ሴት ልጅ በዝምታ እንደሚያልፍና በወንድ ልጇ ላይ እንደሚወጣ አስረዳችኝ። መድኃኒቱ እዚህ አይገኝም። የጠረጴዛውን ማዕዘን በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። የምትወደውን የዘይቱን ዛፍ እንዳይወጣበት ብዬ አስቆረጥኩት፤ ጓሮው ባዶ ሆኗል። ሲሮጥ ባየሁት ቁጥር ከኋላው እሮጣለሁ። ልጅ ደግሞ ሳይሮጥ አያድግም።

ካርዱን ራሴ ከፈትኩለት። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። አያት የተባሉት የባሌ አባት ናቸው። ደሙ ያንተ ሆኖ ሳለ ያንተ ስም የሚገባበት ቦታ የለም፤ ያንተና የሱ ካርድ አንድ ማሽን ውስጥ ተቀምጠው አይተዋወቁም። ማመልከቻ ጻፍኩ፤ «ለበላይ እናሳውቃለን» ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አዲስ ፎርም መጣ። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አየሁት። የለም።

ይቅርታህን አልጠይቅህም፤ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን በሄድንበት ጤና ጣቢያ ሁሉ ማንም ሳይጠይቀኝ ስምህን ጠርቼ እንዴት እንደሞትክ እናገራለሁ። ሰልፉ ሲያጉረመርምብኝም አላቋርጥም። እስካለሁ ድረስ አልረሳህም። ከእኔ በኋላ ለናትናኤል ማን እንደሚናገርለት ግን አላውቅም።

ልጅህ
ትዕግሥት