ጎሉ ሲገባ ለእንግዳ የተነሣው ካሜራ

ለተከበሩ የደሴና የኮምቦልቻ ጨዋታ የቀጥታ ስርጭት ዳይሬክተር
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የካሜራ ባለሙያዎችዎን ጤንነት፣ በተለይም የዓይናችሁን ደህንነት፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከደሴ፣ ከሆጤ ሠፈር የምጽፍልዎ ቢልቂስ የተባልኩ ልብስ ሰፊ ስሆን፣ ባለፈው እሑድ በኮምቦልቻ ቡድን ላይ የደሴን ብቸኛ ጎል ያገባው የሀፊዝ አክስት ነኝ። ማግባቱን የምነግርዎ እርስዎም እንደ እኛው ሳያዩት ቀርተው ይሆናል ብዬ ነው።

ምስጋናዬን ከመዘርዘሬ በፊት ነገሩ ለምን እንደከበደን ላስረዳ። የሀፊዝ እናት፣ ታላቅ እህቴ ሳፊያ፣ ኳስን እንደ ሥራ ቆጥራው አታውቅም። ልጁ ዓመቱን ሙሉ በተቀያሪነት ሲቀመጥ ስለከረመ፣ «መቀመጥ ከሆነማ በአጎቱ ሱቅም ወንበር አለ» ስትል ቆይታ፣ በዚህ ጨዋታ ቁም ነገር ሲሠራ በዓይኔ ካላየሁ፣ ወላሂ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጨርቅ ሲለካ ይውላል ብላ ማለች። ሳፊያ በዋዛ የምትምል ሴት አይደለችም፤ ጉልበቷን ስለሚያማት ደግሞ ስታዲየም መሄድ አትችልም። ስለዚህ የልጁ ዕጣ ፈንታ በአላህ ፈቃድና በእርስዎ ካሜራ ላይ ወድቆ ነበር።

አንደኛ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ስላስተማሩን ትዕግሥት እናመሰግናለን። ኳሱ ወደ ጎል በቀረበ ቁጥር ካሜራዎ የክብር እንግዶቹ ምን እንደተሰማቸው ለማየት ይሄድ ነበር፤ ምንም አልተሰማቸውም። የታሸገ ውሃ ሲከፍቱ፣ ስልካቸውን ሲያዩና እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ግን በሚገባ ተመልክተናል።

ሁለተኛ፣ ሀፊዝ ተቀይሮ ሲገባ ሳፊያ ሻሿን አስተካክላ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ የዘገዩ እንግዳ መጡ። የአገራችን ሰው ለትልቅ ሰው «ኖር» ብሎ መነሣቱ የምንኮራበት ወግ ነው፤ ካሜራ ከሰው ጋር አብሮ ሲነሣ ግን ያየነው በእርስዎ ዘመን ነው። እንግዳው ከበሩ ጀምሮ ሲታጀቡ፣ አንዱ «እዚህ ይቀመጡ» ሲላቸው፣ እሳቸው «የለም፣ አንተ ተቀመጥ» ሲሉ፣ ሌላው በእጃቸው ጎትቶ «በሞቴ» ሲላቸው፣ አንዲት ወንበር ባለቤት አጥታ ስትንከራተት አንድም ሳይጎድል አስተላለፉልን። በዚህ መሃል ስታዲየሙ ጮኸ፣ ዘጋቢውም ድምፁ እስኪዘጋ «ጎል» አለ። በእኛ ስክሪን ላይ ግን ገና ማን እንደሚቀመጥ አልተወሰነም ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታዬ፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬ፣ ስለ ድግሙ ነው። ሳፊያን «አብሽሪ፣ አሁን ደግመው ያሳዩናል» አልኳት። እውነትም ደገሙልን፤ እንግዳው ሲቀመጡ፣ በዝግታ። አቀማመጣቸው እንከን አልነበረበትም። ወደ ሜዳው ስትመለሱ ሀፊዝ ከጓደኞቹ ክምር ሥር ገብቶ አንድ ጫማው ብቻ ይታይ ነበር። እህቴ ያንን ጫማ እያየች «ይኸ የኔ ልጅ እግር ነው?» አለችኝ።

ልጁ ማታ ወደ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ያየው የእናቱን ፊት ነው። «አላየሁህም» አለችው። ያኔ አንገቱን ሲደፋ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ፣ እስካሁንም እርስዎን ሳስብ መርፌ ጣቴን ይወጋኛል።

ደግነቱ ቧንቧ ውሃ ሠፈር የሚኖሩት ወዳጃችን አቶ ገብረ ማርያም፣ ኮምቦልቻ ተወልደው ያደጉና ለኮምቦልቻ ቡድን የሚሞቱ ሰው፣ ከስታዲየም ሲመለሱ በቀጥታ እኛ ቤት መጡ። የመጡት እንኳን ደስ ያላችሁ ሊሉ ሳይሆን ሊወቅሱን ነው። «ምን በደልናችሁና ነው ይሄን ልጅ የለቀቃችሁብን?» ብለው፣ የሳፊያን ነጠላ ጫማዎች ምንጣፉ ላይ ተከላካይ አድርገው ደርድረው፣ ሀፊዝ ሁለቱን እንዴት እንዳለፈ፣ በረኛውንም በየት በኩል እንዳታለለ እየተንገበገቡ አሳዩን። አልገባኝም ስትላቸው ደገሙላት፤ በዝግታም አሳዩን። ሳፊያ ሆዷን ይዛ ስቃ ስታበቃ፣ «ገብሬ እንዲህ ካረረ ልጄ የእውነት አግብቷል ማለት ነው» ብላ መሐላዋን አነሣች። ሀፊዝም ሰኞ ጠዋት ልምምድ ሄደ።

ስለዚህ ለወደፊቱ ካሜራዎቹን ሁሉ ለክብር እንግዶች መድበው ሜዳውን ለአቶ ገብረ ማርያም ቢተዉላቸው፣ ተመልካቹ ብዙ ይጠቀማል የሚል ትሁት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የእርስዎን ረጅም ዕድሜና አጭር የእንግዳ አቀባበል ከልብ የምመኝ፣ የጎሉን ድምፅ የሰማሁ፣ የወንበሩን ነገር በሙሉ ያየሁ፣
አክባሪዎ ቢልቂስ፣ ከሆጤ፣ ደሴ

ማሳሰቢያ፦ መሐላውን ያነሣ ሰው አሥር ሚስኪኖችን ማብላት እንዳለበት ሸሃችን ነግረውን፣ ለዓርብ ከጁምዓ በኋላ ምሳ እየተሰናዳ ነው። ዘጠኙን ከሠፈር አግኝተናል። አሥረኛውን ስንፈልግ ሳፊያ፣ «ያን ሁሉ ስክሪን ፊቱ ደርድሮ ጎል ያላየው ሰውዬ ካልሆነ ማን ነው ሚስኪን?» ስላለች፣ እንዳይቀሩብን።