የአባባ ስድስት ጎራሽ ዋጋ

ውድ ቨርን፣

ይህን ቃል የጻፍኩት ደብዳቤ ያለሱ ስለማይጀመር ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። በአራተኛው ተውኩት።

የምጽፍልህ አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሻለሁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈልገኝ ሰው የለም። ሞተሩን አጥፍቻለሁ። ብርዱ ከወለሉ እየተነሳ ጫማዬ ውስጥ ይገባል።

ቅዳሜ ዕለት ቢሊንግስ ከተማ፣ የሽጉጥ ገበያው አዳራሽ ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ አልኩህ። የምጽፈው ይቅርታ ልጠይቅህ አይደለም። ያ ፈገግታህ ፊትህ ላይ ሳይመጣ ይህን አስቀድመህ እወቅ።

አባባ ከሞተ ሰባት ሳምንት ሆነው። ቤቱንም፣ መሬቱንም፣ ያን የተበሳሳ መኪናውንም ያለ ጭቅጭቅ ተካፈልን። የቀረው ሽጉጡ ነበር። ሽጉጥ ለሁለት አይቆረጥም። "በአባባ ሕግ እንሂድ" ያልከው አንተ ነህ። እማማ የፖም ፓይ ከምድጃ ስታወጣ ይፈርድበት በነበረው ሕግ፦ አንደኛችን ይቆርጣል፣ ሌላኛችን ቀድሞ ያነሳል። አንተ ዋጋ ትጠራለህ፤ እኔ እመርጣለሁ። ወይ ሽጉጡን ወስጄ ያንተን ግማሽ እከፍልሃለሁ፣ ወይ ሽጉጡን ላንተ ትቼ ግማሼን እቀበላለሁ።

ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እጅህን እንኳ አልዘረጋህም።

"አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር" አልክ።

"ሳታየው?"

"አይቼዋለሁ።"

"መቼ?"

"ዕድሜ ልኬን። ምረጪ፣ ሮንዳ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለሽ።"

ከዚያ ተነስተህ ኮትህን ለበስክ። በሩን ስትዘጋ ቀስ አድርገህ ነው የዘጋኸው፤ የታመመ ሰው ያለበት ቤት ይመስል። ያን ጊዜ ይህን አላስተዋልኩም። አሁን አሁን ግን ሌላ ነገር አላስብም።

ሠላሳ ዓመት ጠረጴዛ ዘርግተህ አሮጌ ሽጉጥ የምትነግድ ሰው ነህ። እኔ ስለ ሽጉጥ የማውቀው ከመሳቢያው የሚወጣውን የዘይት ሽታ ብቻ ነው። ቢሆንም ማንበብ እችላለሁ። አባባ ከአያታችን የወረሰውን ዓይነት ኮልት ሽጉጥ፣ በ1909 የተሠራ፣ ለማን እንደተሸጠ የሚመሰክር የፋብሪካ ወረቀት ያለው፣ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ሰባት ሺህ። ቀጥሎ ያለው ሰባት ሺህ ሁለት መቶ። ሌላው ደግሞ ሰባት ሺህ።

ምን ተሰማኝ መሰለህ? ደስ አለኝ። ልደብቅህ አልፈልግም። ሌባ ሆነህ ስላገኘሁህ ደስ አለኝ። ዕድሜህን ሙሉ ትክክል የሆንክ ሰው፣ የአባባን መድኃኒት ሰዓት በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ በመጨረሻ እንደማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ ያዝኩት ብዬ። ሮንዳ ሽጉጥ አትወድም፣ ሰባት መቶዋን ይዛ ትሄዳለች ብለህ አስበሃል። ሂሳቡን ደጋግሜ ሠራሁት። እንደ መዝሙር አጠናሁት።

ቅዳሜ በር ላይ ጠባቂው እንዳይተኮስ ቃታው ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰረበትና አስገባኝ። ጠረጴዛህ ጋ እስክደርስ ድረስ ሽጉጡን በሁለት እጄ ይዤው ነበር፤ ሾርባ የሞላ ሳህን እንደሚይዝ ሰው።

"እህት ዓለም! መግቢያ ከፍለሽ ነው ወይስ በእኔ ስም ገባሽ?" አልክ። ወዳጆችህ ሳቁ።

"የሰባት ሺህ ዶላር ዕቃ በአንድ ሺህ አራት መቶ ልትወስድ!" አልኩ። "አንተ ሌባ። የገዛ እህትህን!"

ሳቁ ቆመ። አጠገብህ የተቀመጠው ጢማሙ ሰውዬ ቡናውን አስቀመጠና "ቨርን፣ ይቺ እህትህ ናት ወይስ ግብር ሰብሳቢ?" አለ።

"እህቴ ናት። ግብር ሰብሳቢ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።"

"መልስልኝ!" አልኩ።

"ሌባ ነኝ። በቃ? ደስ አለሽ?" ድምፅህ ዝቅ አለ። "ወይ ውሰጂው ወይ ተዪው። ሌላ ሰው ጋ ግን አታሳዪው።"

"ለምን?"

"አታሳዪው አልኩሽ፣ ሮንዳ።"

ይኸው ነው። ዕድሜ ልኬን ከአንተ የሰማሁት ቋንቋ። አትንኪ። አታሳዪ። አትጠይቂ። ዞሬ ሄድኩ። አዳራሹን እስከ መጨረሻው አቋርጬ፣ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ብቻውን የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ጋ ደረስኩ። ሃርላን ፕሩት ይባላል፤ ታውቀዋለህ፤ ዋጋ ሲገምት ለማንም ስለማያደላ ሁላችሁም ትፈሩታላችሁ። መነጽሩ በክር አንገቱ ላይ ታስሯል።

"አቶ ፕሩት፣ ለዚህ ሐቀኛ ዋጋ ይንገሩኝ" አልኩ።

"ሐቀኛ ዋጋ የሚፈልግ ሰው ከመጣ ሁለት ዓመት ሆነው" አለ። "አምጪው እስቲ፣ ልጄ።"

ማሰሪያውን ጠባቂው ፊት አስፈታና መምቻውን ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሳበ። አራት ጊዜ ቀጭ አለ። "ልቡ ደህና ነው።" ሦስት ቦታ የተቀረጹትን ቁጥሮች ከወረቀቱ ጋር አስተያየ። "ሁሉም የራሱ ነው። አልተቀየረም።" እያንዳንዱን ቃል እሰበስብ ነበር፤ ጠረጴዛህ ላይ ልወረውርልህ። ከዚያ መነጽሩን አደረገና ወደ አምፖሉ አዞረው። ብዙ ቆየ።

"ውይ" አለ።

"ምነው?"

"ማነው የወለወለው?"

አልገባኝም። አሳየኝ። የብሎኖቹ ጉድጓድ አፉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ምላጭ መሆን የነበረበት ጠርዝ እንዳለቀ ሳሙና ሟሟል። ፋብሪካው በአጥንት ከሰል ያወጣው፣ ደመና የሚመስለው ቀለም ድራሹ የለም። ከጎኑ የተቀረጸውን የፋብሪካውን ምልክት፣ ትንሹን ፈረስ፣ በጥፍሩ ነካው። ፈረሱ በኋላ እግሮቹ መቆም ነበረበት። እግር የለውም።

"ዝገት ቢኖረው ይሻል ነበር" አለ። "ዝገቱን እንዳለ እንገዛዋለን፤ ዕድሜው ነው። ይሄ ግን በማሽን ተፍቆ ነው። ጠላት እንዲህ አያደርግም፤ ጠላት አይደክምበትም። ይሄ የወዳጅ ሥራ ነው።"

"ስንት ያወጣል?"

"ሳይነካ ቢሆን ሰባት ሺህ፣ ሳልከራከር። እንዲህ ሆኖ አንድ ሺህ አራት መቶ። ያንንም የምሰጠው ለወረቀቱ ስል ነው።"

አንድ ሺህ አራት መቶ። እጅህን ሳትዘረጋ የጠራኸው።

"ማነው የወለወለው?" ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።

"ወንድሜ" አልኩ።

አፌ ይህን ሲል እጄ ሌላ ነገር አስታወሰ። ትክክል ነው ያልኩህ፤ አስቀድሞ ያስታወሰው እጄ ነው። የመወልወያው ማሽን ንዝረት። የቀዩ ቅባት ሽታ። የጨርቁ መንኮራኩር ብረቱን ሲይዘው ወደ ፊት ሊነጥቀኝ ሲል።

መጋቢት ነበር፤ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባባን ፈረስ ወገቡን ረግጦት ሆስፒታል ተኝቷል። አንተ አስራ ስድስት ዓመትህ፤ እህል ማከማቻው ጋ ተቀጥረህ ትሠራለህ። አባባ ሲመለስ የሚያስደስተው ነገር ፈለግኩ። ከመሳቢያው ያወጣሁት ሽጉጥ ቡናማና ደብዛዛ ነበር፤ የቆሸሸ መሰለኝ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ሠራሁበት። ጣቴ ተላጠ። እንደ መስታወት አደረግኩት።

አልረሳሁትም፣ ቨርን። እንዳትሳሳት። ይህን አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። የረሳሁት ነገር የለም፤ ያላወቅኩት ነው ያለ። በልጅነቴ ከሠራሁት ሁሉ ደህናው ይህ ነበር። ባሌ ሬይመንድ ትቶኝ በሄደ ዓመት፣ ማንም የማይፈልገኝ የመሰለኝ ጊዜ፣ ከትዝታዬ አውጥቼ የማየው ይህንን ነበር፦ አባባ ከዘራውን ተደግፎ ገባ፤ ሽጉጡን ፎጣ ላይ አስቀምጬለት ነበር፤ አነሳው፤ ወደ መስኮቱ አዞረው፤ አለቀሰ።

በደስታ መስሎኝ ነበር።

"በዚህ አገር እንዲህ የሚያበራ ሽጉጥ የለም፣ ሮንዳዬ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልነበረም። አንተ ማቀዝቀዣው አጠገብ ቆመህ ወለሉን ታያለህ። ቀናህ ብዬ ነበር። አርባ አንድ ዓመት፣ ያን ቀን ቨርን ቀናብኝ እያልኩ ኖርኩ። ከዚያ በኋላ አባባ ሽጉጡን ለእንግዳ አውጥቶ አያውቅም። ሳስቶለት ነው እል ነበር።

አሁን "ታዲያ ልታመሰግኚኝ ይገባል" የምትል ከሆነ ተሳስተሃል።

አርባ አንድ የምስጋና ቀን በዓል አንድ ጠረጴዛ ላይ በላን። አንተና አባባ ታውቁ ነበር፤ እኔ ብቻ አላውቅም። እኔ ስወጣ ትስቁ ነበር? ወይስ አትስቁም ነበር? ባትስቁ ይብሳል። ሁለታችሁ ዝም ብላችሁ ሳህን ስታጥቡ ይታየኛል፤ ያ ዝምታ እኔ ነኝ። ቅዳሜ እንኳ፣ በወዳጆችህ ፊት፣ አንዲት ቃል ብትናገር ከሌብነት ትድን ነበር። ሌባ መባልን መረጥክ። ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ሳገላብጥ ነበር። ደግነት ነው? ንቀት ነው? መንገድ ላይ ቀይ መብራት ጥሼ አለፍኩ፤ ሃያ ስድስት ልጅ ጭኜ። ለሽጉጡ ሳታየው ትክክለኛውን ዋጋ ሰጠኸው። ለእኔስ ስንት ሰጠኸኝ? እውነት ቢነግሯት የምትሰበር ብለህ፣ እንዲያው በግምት።

አትንኪ ይሉኝ ነበር። ለምን እንደማይነካ ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር እንጂ ደደብ አልነበርኩም። "ያ ቡናማው ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ አያትሽ ናቸው" ብትለኝ ኖሮ ጨርቅ እንኳ አላስነካውም ነበር። አንተ ታውቅ ነበር። በዚያ ዕድሜህ ታውቅ ነበር። ዕውቀትህን እንደ ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ይዘህ ትዞር ነበር።

ስለዚህ ዋጋህን አልቀበልም። የአባባ ሕግ እንዲህ አይደለም፤ ፓዩ ውስጥ ያለውን ሁለታችንም እያየን ነበር የምንቆርጠው። አንተ እያየህ፣ እኔን ዓይኔን ሸፍነህ ቆረጥክ። ቢላዋውን መልሼ ወስጃለሁ።

አሁን ዋጋ የምጠራው እኔ ነኝ። ሰባት ሺህ ዶላር። እጄ ሳይነካው የነበረው ዋጋ።

ሽጉጡ ፕሩት ጋ ነው። አብሮት በስምህ የተጻፈ የሦስት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ቼክ አለ። ይህ ገንዘብ ለአውቶቡስ ሹፌር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ስለዚህ ቀልድ አይደለም። ወሩ ሳያልቅ በሚቀጥለው ገበያ ሂድና ከሁለቱ አንዱን አንሳ። ቼኩን ካነሳህ "አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ ክፈይ" ብለኸኛል፤ ሽጉጡ የእኔ ይሆናል፤ እግር የሌለውን ፈረስ በየቀኑ አየዋለሁ። ሽጉጡን ካነሳህ ደግሞ የእኔን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ለፕሩት ቆጥረህ ስጠው፤ ለተበላሸ ዕቃ፣ እያወቅክ፣ በወዳጆችህ ፊት። እንደገና ልታድነኝ ከፈለግክ ዋጋው ይህ ነው። በነፃ አይሆንም።

ደውለህ እንዳታስረዳኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው፤ ደወሉ ሊደወል ነው። ምረጥ፣ ቨርን። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለህ።

ሽጉጡን የወለወለችው፣
ሮንዳ