መቅኔ የለውም የተባለው በሬ

ነሐሴ 5፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ከባድ ሐዘን ነው። የላቦራቶሪያችን ቀይ ቴርሞስ ክዳኑ ጠፍቷል። ከዛሬ ጀምሮ ሻያችን ከአራት ሰዓት በኋላ ትኩስ አይሆንም። ሠራተኛው በጽናት እንዲቋቋመው በአክብሮት አሳስባለሁ።

ሌላ ዜና፦ ደሜ እንደገና ወርዷል።

ደብተሬ ሆይ፣ ናሙናውን ራሴ ቀዳሁ፣ ራሴ ማሽኑ ላይ አደረግሁ፣ ውጤቱን ራሴ ፈርሜ ለራሴ አስረከብኩ። እንዲህ ያለ ቀልጣፋ አገልግሎት በመላው ሶዶ የለም። ቀዩም ትንሽ፣ ነጩም ትንሽ፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌትም ትንሽ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ የባልደረባዬን ደም ሞከርኩ። ማሽኑ ደህና ነው።

ባለፈው ወር ዶ/ር ሰናይት ከዳሌዬ አጥንት መቅኔ ቀድታ አይታዋለች። ባዶ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ደም የሚሠራው ፋብሪካ ነው ያቆመው። ስቴም ሴል የሚባሉት ሠራተኞች አልቀዋል። የወንድም ወይም የእህት መቅኔ ከገጠመና ከተተከለልኝ ፋብሪካው ሊከፈት ይችላል። ካልሆነ በሰው ደም እየተሞላሁ እቆያለሁ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረችኝም። ወንድም አለህ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለኝም አልኳት።

አለኝ። ዳና ይባላል። ታላቄ ነው፣ ዲምቱ ያርሳል። ከተነጋገርን ሦስት ዓመት። ያኔ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ የቅርጫ ማኅበራችን በሬ እንዲገዛ የላከው እሱን ነበር። ሥጋው ሲከፋፈል እኔ ተነሣሁና ድምፄን አወፍሬ፦ «ክቡራን የማኅበሩ አባላት፣ በተደረገው ጥልቅ ምርመራ በሬው አጥንቱ ውስጥ መቅኔ እንደሌለው ተረጋግጧል» ብዬ መግለጫ ሰጠሁ። ሰው በሳቅ ተንከባለለ። ዳና ቢላዋውን አስቀምጦ ወጣ።

ለመዝገብ ያህል፣ አቋሜ ዛሬም ያው ነው። በሬው መቅኔ አልነበረውም።

ነሐሴ 7፣ ረቡዕ

ከቤት እስከ ባጃጅ መቆሚያው ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። አንዲት እናት ጾሙ በርትቶብህ ነው አይደል ብለው አዘኑልኝ። ጴንጤ መሆኔን ለማስረዳት ትንፋሽ አልነበረኝም። ጿሚ ሆኜ አለፍኩ።

አክስቴ አልማዝ ከዲምቱ ደወለች። ወንድም የለኝም ማለቴን ሰምታለች። ከማን? እዚህ አገር ይህ አይጠየቅም። ሰደበችኝ፣ አለቀሰች፣ ሰደበችኝ። ሁሉንም እኔ እነግራቸዋለሁ ብላ ዘጋች። የሕክምናውን ወጪ በተመለከተ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ስለ ኮሚቴ በዚህ ደብተር አይጻፍም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ሰባት ወንድሞች መጡ። አንድ ሚኒባስ ሙሉ። ሁሉም ታጥበው፣ ሁሉም እጅጌያቸውን ሰብስበው።

ዶ/ር ሰናይት ከጎንደር ተመድባ የመጣች ናት። ሰልፉን ስታይ ፊቷ በራ። ሰባት ወንድም ይዘህ ነው የለኝም ያልከው ብላ ገሠጸችኝ። ከዚያ የእናትና የአባት ስም መመዝገብ ጀመረች። አራቱ የአጎቶቼ ልጆች። ሁለቱ የአክስቴ። ሰባተኛው ጎረቤት፤ ግን ጎሳው የእኛው ነው።

የአጎቴ ልጅ ማርቆስ ተቆጣ። «ዶክተር፣ ከአንድ ገበታ በልተን ነው ያደግነው! ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?»

«ገበታውን አምናለሁ ወንድሜ። እኔ የምፈልገው አንድ እናትና አንድ አባት ነው።»

«እሱንማ ዳናን ጥሩት!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ ጥሩ ጽሑፍ ነበረ።

ባዶ እጃችንን አንመለስም ብለው ደም ሰጡ። ለሌላ በሽተኛ። ለእኔ የዘመድ ደም አይሰጠኝም፤ ሰውነቴ ዘመድን መጥላት ከለመደ በኋላ የሚተከለውን መቅኔ ይገፋዋል አለች ዶክተሯ። መልመዱንስ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሬያለሁ።

ነሐሴ 13፣ ማክሰኞ

ደም ተሰጠኝ። የማን እንደሆነ አላውቅም። ማታ ሲወጣ የሚዘፍን ሰው ይመስለኛል፤ ከከረጢቱ በኋላ ማንጎራጎር ጀመርኩ።

ዶ/ር ሰናይትን የንቅለ ተከላው ውጤት እንዴት ነው ብዬ ያዝኳት። አልሸሸችም። የአንድ እናትና አባት ልጅ እንኳ የሚገጥመው ከአራት አንዱ ዕድል ነው። ገጥሞም ዘሩ ላይበቅል ይችላል። በቅሎም እንግዳው ባለቤቱን ሊያጠቃ ይችላል፤ ቆዳውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱን። ብዙዎች ይድናሉ፣ ሁሉም አይደሉም፣ ሳይተከልለት የቆየ ደግሞ ይከብደዋል። ስታበቃ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አመሰገንኳት። የቴርሞሱ ክዳንም እንዳልተገኘ ነገርኳት።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

አፍንጫዬ ለአርባ ደቂቃ ደማ። ቀልድ የለኝም።

ማታ አክስቴ ደወለች። ለዳና የነገረችው በዚያው በረቡዕ ነው። ከወንድምህ አጥንት የሚገባ መቅኔ ከአንተ አጥንት ይወጣል ብላዋለች።  በማግስቱ በሬዎቹን ጠምዶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከማሳ የሚመለሰው ሲጨልም ነው፤ ሰው ሲያናግረው አይመልስም። እንግዲህ የዲምቱ መንግሥት ምላሽ ይህ ነው። ወንድሙ እያለቀ እሱ ጤፍ ይዘራል።

አክስቴ ታናሽ ነህ፣ ያዋረድከው አንተ ነህ፣ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ አለች። አልሄድም አልኳት። በደም የራሰውን አንሶላዬን አየሁት። እሄዳለሁ።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ፣ ዲምቱ

ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሄድኩ። ከመንገዱ እስከ ዳና ቤት አምስት ጊዜ አረፍኩ። ሽማግሌዎቹም በየእረፍቱ ንግግራቸውን ይለማመዱ ነበር።

ደጁ ላይ ቆምን። ዳና ከማሳ መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ከስቷል። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ አላቆመም፤ አልፏቸው መጥቶ ክንዴን ያዘ።

«በዚህ ሰውነትህ በእግርህ መጣህ እንዴ፣ አንተ እብድ? ሰኞ ልመጣ ነበር እኮ። ዛሬ ጨረስኩ።»

ምን ጨረስክ አልኩት። በእጁ አሳየኝ። ማሳው ሁሉ ተዘርቷል፣ ለወትሮው ለጎረቤት የሚያከራየው ዳገቱ ሳይቀር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «ሐኪሞቹ ግራውን ቢወስዱ ይሻለኛል። ቀኙ ለእርሻ ይጠቅመኛል።»

አልገባኝም። ሚስቱ ፊቷን አዞረች። በሩ ጥግ አዲስ ምርኩዝ ቆሟል፣ ገና ያልተላገ።

ደብተሬ፣ ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር መቅኔ ከአጥንት የሚወጣበትን መንገድ ሁሉም በየጊፋታው ያየዋል። አጥንቱ ይቆረጣል፣ በመጥረቢያ ይፈለጣል፣ ይመጠጣል። ሌላ መንገድ ማንም አልነገረውም። እግሩን ሊሰጠኝ ነው ይህን ሁሉ ቀን ቀድሞ ሲያርስ የከረመው። እኔ ሶዶ ተቀምጬ ስሙን አጠፋለሁ።

ቀልዱን ተውኩና እኔም ክንዱን ያዝኩ። 

አስረዳሁት። በመርፌ ነው። ከዳሌ ነው። ተኝተህ ነው። የተወሰደብህ በሳምንታት ውስጥ ይተካል፣ ሁለት እግርህን ይዘህ ትመለሳለህ። ጭቃውን ከጉልበቱ ጠረገ። ከዚያ ወደ ምርኩዙ አየና፦ «ታዲያ ያን ዳገት ምን አሳረሰኝ?» አለ። ሚስቱ ቀድማ ሳቀች። ከዚያ እሱ። እኔ ስስቅ ትንፋሼ አልቆ መሬት ተቀመጥኩ።

ሽማግሌዎቹ የተዘጋጁበትን ሳይናገሩ ተመለሱ። እስካሁን ቅር ብሏቸዋል።

ስለ በሬው ማንም አላነሣም። ሚኒባስ ላይ ሲያሳፍረኝ ብቻ፣ በመስኮቱ፦ «በሬው ግን ወፍራም ነበር» አለኝ።

ነሐሴ 26፣ ሰኞ

ዳና መጣ። ደሙን እኔ ቀዳሁ። ሺህ ሰው የቀዳ እጄ ዛሬ የደም ሥሩን ሳተ፤ ሁለት ጊዜ ወጋሁት። «ይኼ ነው ባለሙያ?» ብሎ ለተሰለፈው ሕዝብ አሳጣኝ። መብቱ ነው። ናሙናችን አብሮ ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ውጤት የለም። ትኩሳት አለ። ደም ተሰጠኝ። ይህኛው ሰው ዘፋኝ አይደለም። ድካም።

መስከረም 12፣ ሰኞ፣ ከሰዓት 9፡15

ዶ/ር ሰናይት ላቦራቶሪው ድረስ ሮጣ መጣች። ገጥሟል። ሙሉ በሙሉ። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ያን ሁሉ ደገመችልኝ፤ ላይበቅል ይችላል፣ በቅሎ ሊያጠቃህ ይችላል። አውቃለሁ። ከመስቀል በኋላ ሁለታችንም ወደ ውጭ እንሄዳለን፤ ኮሚቴው ተሳክቶለታል። ለዳና ደወልኩ። ስንት ቀን እተኛለሁ፣ ዳገቱ አረም ይዟል አለኝ።

ፈርቻለሁ። ይህም ይመዝገብ።

ስመለስ ብዬ የማቆየው ነገር እንዳይኖር ወስኛለሁ። እሑድ ጊፋታ ነው። ማኅበሩ ባለበት፣ ሥጋው ሲከፋፈል፣ ተነሥቼ የሚከተለውን አነባለሁ፦

ማስተካከያ። ከሦስት ዓመት በፊት በቃል፣ ነሐሴ 5 ቀን ደግሞ በዚህ ደብተር በጽሑፍ፣ አቶ ዳና የገዙት በሬ መቅኔ እንዳልነበረው የተገለጸው ስህተት ነው። በሬው መቅኔ ነበረው። መቅኔ ያልነበረው መግለጫውን የሰጠው ሰው ነው። በሐምሌ ወር ለሐኪም «ወንድም የለኝም» ተብሎ የተሰጠው ቃልም «አለኝ» ተብሎ ይታረም።