የሳሙና ውሃ ፍሬን

ዓርብ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ለእሑድ እሽቅድምድም የምታዘጋጃት ትንሿ መኪና ሦስት ዙር እንደሮጠች የፍሬኗ ፔዳል ወለል ይነካል። ዛሬ ሳሪስ አቦ ያለው መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ባለፈው ሳምንት የፍሬን ዘይት የሞላላት እሱ ነው። የፍሬን ዘይት ዕቃውን ክዳን ብከፍት አረፋ!

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሳሙና ውሃ ነዋ፣ ጋሼ! ዘይቱ ጠፍቶ እኮ ነው። የቃሊቲ ሚኒባስ ሁሉ በዚህ ይሄዳል።»

«መሄዱን ማን ጠየቀህ? እኔ የማወራህ ስለ መቆም ነው!»

ሳቀ፤ ደንቆሮ። ፍሬን ሲግል ውሃው እንደሚፈላ፣ እንፋሎት ደግሞ መኪና እንደማያቆም የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያውቃል።

ዘይቱን ፈልጌ ገዛሁ፤ የፍሬኑን መስመር ራሴ አጥቤ ሞላሁ። ፔዳሉ ጠንክሯል። ውሃው የውስጡን ላስቲኮች ምን ያህል እንደጎዳቸው ግን አላውቅም።

«አባዬ፣ እሑድ እነዳለሁ አይደል?» አለችኝ።

አዎ ከማለቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ክዳኑን እንደገና ከፈትኩት።