ማታ እንዳያመልጣችሁ

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ ለሔርሜላ፤

ከዳሞታ ተራራ ሥር የተነሳው ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ዱባይ ያለሽበት ፎቅ ድረስ፣ ሊፍት ሳይለምን ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? የወገብሽ ሕመም ለቀቀሽ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገሽ? የምታሳድጊው የሰው ልጅ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጥሻል? እኔን የጠየቅሽ እንደሆነ፣ ከጉልበቴና ከጥርሴ በቀር ሁሉም በቦታው አለ። ምላሴ እንደምታውቂው የጥርሶቼንም ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ጌታ ይመስገን።

ባለፈው ስትደውዪ «ዳማስ?» ብትዪኝ «አለች፣ ስትዞር ነው የምትውለው» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ምን ላድርግ? አያትሽ ቦሼ የስልኩን ድምፅ ለቃ ከጎኔ ትቀመጣለች፤ በእሷ ፊት የማይነገር ነገር ነበረኝ። የባለሱቁ የሽኩር ልጅ ሳቢራ ለእረፍት መጥታ ወደዚያው ስትመለስ ጊዜ ይህን ጽፌ በእጇ ላክሁልሽ። ቦሼ ፊደል አለመቁጠሯ አንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ።

ልጄ፣ ውሻሽ ዳማ ሞታለች። አስፋልቱን ልትሻገር ስትል ወደ በዴሳ የሚበር ሚኒባስ ገጫት። ዓይናቸው ያልተገለጠ ሁለት ቡችሎች ጥላ ሄደች፤ አንዱ ጥቁር ወንድ፣ አንዷ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ሴት። ዳማን አንቺ ተቀምጠሽ ታጠኚበት ከነበረው እንሰት ሥር ቀበርኳት።

ቦሼ ቡችሎቹን በጋቢዋ ጠቅልላ ተቀመጠች፤ እኔ ጡጦ ልገዛ ሽኩር ሱቅ ሄድኩ። «ጋሽ ሻንቆ፣ በዚህ ዕድሜዎ ወለዱ እንዴ?» ብሎ ሰው ፊት አሾፈብኝ። «መንታ ናቸው፤ ሁለቱም እኔን ይመስላሉ» አልኩት። ከዚያ የዳማን ሞት ስነግረው ጡጦውን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ጎረቤት የተከራየውን የእንስሳት ሐኪም በድሉን ጠራነው። ጨዋ የጎጃም ልጅ ነው፤ ወላይትኛው ግን ከሰላምታ አያልፍም። ሁሉንም በአማርኛ አስረዳን። ቡችላ የሚጠባው በሆዱ ተደፍቶ ነው እንጂ እንደ ሕፃን ተንጋሎ አይደለም አለ። ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ወተቱ ሆዱ ውስጥ ስለሚበላሽ መጀመሪያ ይሙቅ። ጡጦው አይጨመቅ፤ ራሱ ይሳበው። ሲጨርስ፣ እናቱ ብትኖር እንደምትልሰው፣ ከጅራቱ ሥር በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ካላሹለት አይሸናም። የላም ወተት ብቻውን ስለማይሆነው ለቡችላ የተሠራውን ዱቄት ወተት አስመጣለሁ ብሎ ተነሳ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ ቦሼን እያየ፣ «ዋናው ነገር ማታ እንዳያመልጣችሁ» አላት። ሌሊቱንም ሳትዘሉ አጥቡ ማለቱ ነው። ቦሼ እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ገባት ብዬ አልተረጎምኩላትም።

አማርኛዋ ጥቂት ነውና ከዚያ ሁሉ ውስጥ የያዘችው ያቺኑ የመጨረሻዋን ንግግር ኖሯል። ፎቁ አስረስቶሽ ካልሆነ በቀር ወተት በእኛ ቋንቋ ማታ ነው፤ «ታ»ን ጠበቅ አድርገሽ በያት። ሐኪሙ ሌሊቱን አለ፤ ቦሼ ወተቱን ሰማች። ወተት እንዳያመልጣችሁ!

በማግስቱ እኔ ገበያ ወርጄ ሳለሁ ጥቁሩን ክንዷ ላይ አንጋለለችው። ጠብታ እንዳያመልጣት ከንፈሩን በጣቷ ገጥማ ጡጦውን ጨመቀችው። ስመለስ ወተቱ በአፍንጫው ወጥቷል፤ ሲተነፍስ ደረቱ እንደ ድስት ይንተከተካል። ጎህ ሲቀድ እቅፏ ውስጥ አለፈ። እንዴት አድርገሽ ነው ያጠባሽው ብላት፣ ኮራ ብላ፣ «ሐኪሙ እንዳለኝ ነዋ! አንዲት ጠብታ አላፈሰስኩም» አለችኝ።

አፍሬ ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ እጇን አየሁና ሳቄን ተውኩት።

አንቺን ያሳደገ እጅ ነው። እናትሽ ትዕዛዝ አንድ ቀን እንኳ ሳታጠባሽ ስታርፍ፣ ቦሼ የልጇን ለቅሶ በወጉ ሳትቀመጥ በዚያው ክንዷ ላይ አንጋላ በጡጦ አሳደገችሽ። ወተቱ ከጎረቤት እየተለመነ ነበርና፣ ጠብታ ወደ አገጭሽ ሲወርድ በጣቷ ጠርጋ መልሳ ወደ አፍሽ ታስገባው ነበር። ታዲያ ይህን እጅ «አንተ ገደልከው» ልበለው?

በወላይትኛ «ሌሊት ማሞቁ ታክቶኝ ቀዝቃዛ ወተት ሰጠሁት፤ የገደልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ዕድሜ ልኳን የምታውቀኝ ሴት ናትና ወዲያው አመነች። «አንተ ሰነፍ! ልጅቷ አደራ ብላ ሰጥታህ!» ብላ እራቴን ብታቀርብልኝም ማባያውን ዳጣ ከለከለችኝ። በድሉን ደግሞ በአማርኛ «አንጋልዬ የጨመቅኩት እኔ ነኝ» ብለው እሱም በአቅሙ ተቆጣኝ። በአንድ ቀን በሁለት ቋንቋ የተሰደበ ሽማግሌ ሶዶ ውስጥ ከእኔ ሌላ አታገኚም።

የቀረችውን ግን ማትረፍ ነበረብኝ። ሽኩር ቀዳዳው የጠበበ የጡጦ ጫፍ ሰጠኝና ደብቄ ቀየርኩት፤ አሁን ቢጨምቁትም አይንዶለዶልም። ቦሼንም «በሆዱ ተኝቶ ያልጠባ፣ ጢሙ ላይም ወተት ያልፈሰሰለት ውሻ ሲያድግ ሌባ ይሆናል፤ አባቶች የሚሉት ነው» አልኳት። የትኛው አባት እንዳለው አትጠይቂኝ። ሌባ ውሻ ስለማትወድ ይኸው በሆዷ አስተኝታ፣ ወተቱም ትንሽ እየፈሰሰ፣ ቀስ አድርጋ ታጠባታለች። ትናንት ዓይኗ ተገለጠ። ገና አልለየላትም፤ ግን ሆዷ ሞልቶ ስትተኛ ዳማን ትመስላለች።

ስም ያወጣችላት ቦሼ ናት። ግንባሯ ነጭ ነው ብላ ማታ አለቻት። በድሉ «ማታ ስለተወለደች ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ አልኩት። ቦሼ በደስታ ድምፅ ማታ፣ ማታ እያለች ስትጠራት እኔ ተነስቼ ወደ እንሰቱ እሄዳለሁ። ጥቁሩንም እዚያው እናቱ ጎን ነው የቀበርኩት።

ሽኩርና ባለቤቱ ዛራ እጅግ አድርገው ሰላም ብለውሻል። በድሉ ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል፤ መልክሽን ስላጋነንኩበት ጥፋቱ የእኔ ነው። ማታ በምላሷ ሰላም ብላሻለች። ቦሼ ጉንጭሽን ደጋግማ ስማሻለች።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። ስንፍናዬን በደብዳቤ እንደተናዘዝኩልሽ ለቦሼ ነግሬያታለሁና፣ አሁን ስትደውዪ ስለ ጥቁሩ ቡችላ አንሺና ተቆጪኝ። «ምን ዓይነት ሰነፍ አያት ነህ!» በይኝ፤ በወላይትኛ ይሁን፣ ጮክ በይ፣ እንዳትራሪልኝ። ስልኩ ድምፁ ተለቆ ነው፤ ቦሼ ትሰማለች።

አያትሽ ሻንቆ
ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.