«ደህና ነው» የማይበቃው ጥያቄ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ የእማዬ ጉልበት፣ ያ አልዘጋም ያለው የጓዳ በር ሳይቀር፣ ሁላችሁም እንዴት ከርማችኋል? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ሰነበተ እንጂ ደህና ነኝ። ሥራዬም ደህና ነው፤ ክፍሌም ደህና ናት፤ ነፋስ ሲነሣ ብቻ መስኮቷ ያላዝናል። አየሽ፣ ገና ወሬ ሳልጀምር ስንት ጊዜ «ደህና» እንዳልሁ? የዛሬው ደብዳቤዬ ስለዚህችው ቃል ነው። ስለዚህ እማዬ ፊት ጮክ ብለሽ አታንብቢው፤ መጀመሪያ ብቻሽን ሆነሽ እይው።

እንግሊዝኛ መማር ጀመርሁ ብዬሽ አልነበር? ከሥራ ስወጣ በዚያው የምገባባት አንዲት ትምህርት ቤት አለች። ቀን ቀን የሕፃናት ናት መሰለኝ፣ ወንበሯ ትንሽ ነው፤ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ እንቀመጣለን። ሥጋ ቆራጭ አለ፣ አውቶቡስ የምታጸዳ ሴት አለች፣ ሴራሚክ የሚያነጥፍ ዝምተኛ ሰውዬም አለ። ሰሞኑን የያዝነው ትምህርት የጥያቄ አጠያየቅ ነው። አትሳቂብኝ! አባባ «መርማሪዬ» እያለ ያሳደጋት ልጅ፣ እንግዳ ሲመጣ «ኧረ ይህችን ልጅ ወደ ጓዳ ውሰዱልኝ፣ ሰውዬውን ልታስለፈልፈው ነው» የተባለላት ልጅ፣ በስተርጅና ጥያቄ ተማሪ ሆናለች።

ደግሞ ቀላል እንዳይመስልሽ። እኛ «በላህ» ብለን የድምፃችንን መጨረሻ ቀና ካደረግነው ጥያቄ ሆነ፣ አለቀ። እነሱ ዘንድ በድምፅ ብቻ አይሆንም። «ዱ» ወይም «ደዝ» የምትባል ረዳት ቃል ከፊት ማስቀደም አለብሽ። ነገሩ ያለፈ ከሆነ «ዲድ» ትመጣና ያለፈውን ጊዜ እሷ ትሸከመዋለች፤ ግሱ ምንም ሳይዝ ከኋላ ይከተላል። «ኢዝ» ያለበት ከሆነ ደግሞ ሌላ ረዳት አያሻም፤ «ኢዝ» ራሷ ተነሥታ ከባለቤቱ ፊት ትቆማለች። እኔ ረዳቷን እየረሳሁ ድምፄን ብቻ ወደ ላይ ሳወጣ ሥጋ ቆራጩ «አንቺ የምትጠይቂ ሳይሆን የምትደነግጪ ነው የሚመስለው» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። አሁን ግን አፌ ለምዶታል፤ እንዲያውም ከእሱ ተሽያለሁ።

አስተማሪያችን ጠና ያለች፣ ጠመኔ ከጣቷ የማይለይ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት ጥያቄ ሁለት ዓይነት ነው አለችን። አንደኛው «አዎ» ወይም «አይ» ብለሽ የምትገላገዪው ነው። ሌላው «ምን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት» ብሎ የሚጀምረው ነው፤ እሱ በአንድ ቃል አይለቅሽም፣ የሆነ ነገር ማምጣት አለብሽ። ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጋ ስለ ቤተሰባችን አጠያየቀችን። የደረሰኝ ሴራሚክ አንጣፊው ነበር። አባትሽ ደህና ነው ወይ አለኝ፤ አዎ፣ ደህና ነው አልሁት። ትናንት ምን ሠራ አለኝ፤ ተኛ አልሁት። ከትናንት በስቲያስ አለ፤ ተኛ አልሁ። ባለፈው ሳምንትስ ሲለኝ ሌላ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ያንኑ ደገምሁለት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አስተማሪያችን ግሴን አረመችልኝና አለፈች።

አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። እትዬ፣ እኔ እኮ ቀልዴን አልነበረም። ከክረምቱ ወዲህ በደወልሁ ቁጥር የሚነገረኝ ያው ነው፦ «አሁን ገና ጋደም አለ»፣ «ወጣ ብሏል»፣ «ስልክ ላይ ጆሮው አልሰማ ብሎታል»። ድሮ ከእማዬ ድምፅ ኋላ የስፌት መኪናው ሲንደቀደቅ እሰማ ነበር፤ እማዬም «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ልስማበት፣ አቁመው!» ትለው ነበር። አሁን እማዬ ማንንም አቁም አትልም። ከኋላዋ ያለው ዝምታ ወፍራም ነው፤ ስልኩን ከዘጋሁም በኋላ አይለቀኝም።

ያን ሸሚዝ ታስታውሺዋለሽ አይደል፣ ከዚህ የላክሁለትን ሰማያዊውን? አንቺ «አባባ በጣም ወደደው፣ ልክ ሆነለት፣ መርቆሻል» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ደብዳቤውን ደረቴ ላይ አድርጌ ዋልሁ። ኋላ ነው የቆረቆረኝ። እትዬ፣ አባባ የፋብሪካ ሸሚዝ ወደደ? ልብስ ሰፊው አባባ? ያ በሠርግሽ ቀን የሙሽራውን ኮት ገልብጦ ስፌቱን ሲያይ «ይህን የሰፋው ሰው ተጣልቶ ነው የሰፋው» ያለው ሰው? አባባ ልብስ ሲሰጠው መጀመሪያ ይሰድበዋል፣ ቀጥሎ ቁልፎቹን ነቅሎ በራሱ ክር ይተክላቸዋል፣ ከሰነባበተ በኋላ ነው የሚመርቀው። ስድቡን ብትጽፊልኝ ኖሮ አምንሽ ነበር። ለውሸት እንኳን አልታደልሽም፤ ከድሮም አይሆንልሽም።

ከዚያ ወዲህ አባባ በሥራዬ ቦታ ከጎኔ አይጠፋም። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ምድር ቤት ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እንደሆነ ታውቂያለሽ። በማድረቂያው ውስጥ ቁልፍ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ የእሱ መኪና ይመስለኛል። አንድ ቀንማ ካውያውን እንደያዝሁ ዞር ብዬ «አቤት አባባ» አልሁ። አብራኝ የምትተኩሰው ሴት ካውያዋን አስቀምጣ አየችኝ። ማንም አልጠራኝም ነበር። ሸሚዝ ሳጥፍም እጄ በእሱ አስተጣጠፍ ያጥፋል፣ ኮሌታውን መጀመሪያ ዳብሶ፣ እጅጌውን ወደ ኋላ ልኮ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ላይኛው ፎቅ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ አሉ፤ ከሚስታቸው ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚኖሩት። ሴትዮዋ ታመው ሐኪም ቤት ገቡ፤ በዚያው አረፉ። ልጆቻቸው የአባታችን ልብ ደካማ ነው፣ እንዳትነግሯቸው ብለው አዘዙን። ስለዚህ ባቡር ነጂው «ሚስቴ ደህና ናት?» ሲሉ ሁላችንም «ደህና ናቸው፣ ሕክምናቸውን ሲጨርሱ ይመጣሉ» እንላለን። እኔም የታጠበ ልብስ ይዤ ስገባ እላለሁ። እትዬ፣ አፌን ሞልቼ፣ ፈገግ ብዬ ነው የምለው። ሰውዬውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ መስኮቱ ይዞራሉ።

በቀደም ዕለት ግን ልብሳቸውን አልጋው ላይ ሳስቀምጥ አልዞሩም። የተጣጠፈውን አንድ በአንድ አነሣሡት፤ ሱሪ፣ ካልሲ፣ የእሳቸው ካናቴራ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እኔ እንዲገባኝ ቃላቱን እየነጣጠሉ፣ «የሚስቴን ቢጫ ሹራብ መጨረሻ ያጠብሽው መቼ ነው?» አሉኝ።

አዎም አይሆንም፣ አይም አይሆንም፤ ደህና ናቸውም አይሆንም። ሹራቡ ከመጣልኝ ሰንብቷል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ካናቴራውን አንሥቼ እንደገና አጠፍሁት። እጄን ያዙት፣ አመሰገኑኝ፣ ከዚያ አለቀሱ። ልባቸው አልቆመም እትዬ። ልጆቻቸው መጡ፤ አብረው አለቀሱ። ሚስታቸውንም በስማቸው እየጠሩ ስለ ድሮ ነገር ሲያወሩ ዋሉ። ኃላፊዋ ማን ነገራቸው ብላ ስታፋጥጠን ማንም አልነገራቸውም አልሁ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ባቡር ነጂው ማንንም አይጠይቁም። ምግባቸውንም ይበላሉ።

እኔ ግን ያን ቀን ደረጃውን ስወርድ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። «ደህና ናቸው፣ ይመጣሉ» ስል አፌ ውስጥ የነበረው የእማዬ ድምፅ ነበር፤ ቃሉም፣ ትንፋሹም፣ ከመልሱ በፊት የምትውጣት ምራቅም ሳትቀር።

ለምን እንደምትደብቁኝ አይጠፋኝም። «በሰው አገር፣ ብቻዋን፣ ማን እንባዋን ያብስላታል? ስትመጣ ቤቷ ሆና ትርዳ» ብላችሁ ይሆናል። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ያንኑ ባደረግሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ግን ሰፈሩ ሁሉ አልቅሶ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ እኔ ብቻዬን ለሞተ ሰው ጤና እየተመኘሁ እንድኖር አትፍረጂብኝ። አሁን የምኖረው በሁለቱ መካከል ነው። ስስቅ ይቅር በለኝ እላለሁ፤ ሳለቅስ ደግሞ በሕይወት ያለን ሰው በእንባዬ የማሟርትበት ይመስለኝና እፈራለሁ። ጥቁር ልብስ ገዝቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅያለሁ፤ በሩን በከፈትሁ ቁጥር ያየኛል።

ስለዚህ እትዬ፣ አባባ ደህና ነው ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ያን ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ መልሱንም በቃሌ ይዤዋለሁ። የምጠይቅሽ ይህን ነው፦ የላክሁለትን ሰማያዊ ሸሚዝ መጨረሻ ያጠብሽው መቼ ነው? ቁልፎቹንስ በምን ቀለም ክር መልሶ ተከላቸው? ካለ፣ ጠርተሽ አስቀምጪውና ስድቡን ከአፉ ተቀብለሽ፣ ሳትቀንሺ ጻፊልኝ። ከሌለ ደግሞ ሸሚዙን እንደታጠፈ ላኪልኝ፤ ሌላ ምንም አትጻፊ፤ ይገባኛል።

በይ እንግዲህ፣ እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ አልተቀየምኋትም በያት። ባልሽን የጓዳውን በር እስካሁን ካልሠራው መጥቼ በመዶሻው እፈልገዋለሁ በይው። ትልቁን ልጅሽን የወለቀ ጥርሱ በቀለ ወይ ብላሃለች በይው፤ ትንሿን ደግሞ ጉንጯን እስኪቀላ ሳሚልኝ። አዋላጇን ጎረቤታችንን፣ እጇ ላይ የወደቀችው ለፍላፊ ሰላም ትልሻለች በያት።

ለአባባ የምጽፈው ጠፋኝ። ጤና ይስጥህ ልበለው ወይስ ነፍስህን ይማር? ከዚህ በታች አንድ መስመር ባዶ ትቼለታለሁ፤ የሚገባውን አንቺ ጻፊበት።

. . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . . .

የአባባ መርማሪ፣ ታናሽ እህትሽ
መስኮቷ ከሚያላዝነው ክፍሌ
ኅዳር 14 ቀን